ዊ ስፖርትስ፦ እናቴ ልጆቼን የምትረታበት ጨዋታ

ኒንቴንዶ ዊ፣ በእጅ በሚወዛወዝ ሪሞት የሚጫወቱበት የቴሌቪዥን ጌም ማጫወቻ፣ አሮጌ ዕቃ ነው፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር እንዳለችው እንደኛ ሳሎን ጠባብ ቤት ይዞ፣ ልጆቹ ፕሌስቴሽን ቤት ተጥደው እንዳይውሉበት ለሚፈልግ ሰው ግን ዛሬም ግዛ እላለሁ። የኛን ወንድሜ ነው ከአሜሪካ ሲመጣ ያገለገለ ይዞልን የመጣው።

በቅድሚያ ስለ መብራቱ። የአሜሪካው አዳፕተር ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ የኛ ግድግዳ የሚሰጠው 220 ነው። ዝም ብላችሁ ዲቫይደር ላይ እንዳትሰኩት፣ ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ግዙለት። ገመዱም ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ጫፍ ያለው የድሮው ዓይነት ስለሆነ፣ ቴሌቪዥናችሁ አዲስ ከሆነ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር ማገናኛ ሊያስፈልግ ይችላል።

ዊ ስፖርትስ የሚባለው የጨዋታ ዲስክ ላይ ቴኒስ፣ ቤዝቦል፣ ቦውሊንግ፣ ጎልፍና ቦክስ አሉ። ቤዝቦልን ሕጉን የሚያውቅ ጠፍቶ ተውነው። ጎልፍ እንቅልፍ ያመጣል። ቴኒሱ ደስ ይላል፤ ግን ሪሞቱ ክንዳችሁን በሙሉ አወዛወዛችሁ ወይስ አንጓችሁን ብቻ ነቅነቅ አደረጋችሁ፣ እምብዛም አይለይም። ልጆቼ ይቺን ወዲያው ነቁባት። ይኸው ሶፋ ላይ ጋደም ብለው ዝንብ እንደሚያባርር ሰው ይጫወታሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 ሞሽን ፕላስ የሚባል ጭማሪ ወጥቶ የእጅን አዟዟር በደንብ መለካት ተጀምሯል፤ ለዚህኛው ዲስክ ግን አይሠራም።

እናቴን ጨዋታው ውስጥ ያስገባት ታዲያ ይኸው ጉድለቱ ነው። ጉልበቷን ያማታል፣ ቆማ የቦውሊንግ ኳስ መወርወር አይሆንላትም። በርጩማዋ ላይ እንደተቀመጠች ከሪሞቱ ሆድ ሥር ያለችውን ቁልፍ ተጭና ይዛ እጇን ወደ ኋላ ትስብና ወደ ፊት ስትልክ ትለቃታለች። መጀመሪያ ሰሞን ቁልፏ ቀድማ ታመልጣት ነበር። ኳሱ ወደ ኋላ ሲሄድ ስክሪኑ ውስጥ ያሉት ተመልካቾች ደንግጠው ይዘላሉ፣ እሷም “ውይ ልጆቼን፣ ይቅርታ!” ትላቸዋለች። አሁን ፊት ለፊት የቆሙትን አሥር ጠርሙስ መሳይ እንጨቶች በሙሉ ታንጋልላቸዋለች። ትንሹ “እማማ፣ አንድ እንኳ ተዪልኝ” ሲላት፣ “ተራህን ጠብቅ!” ነው መልሷ። ቦውሊንግ አንድ ሪሞት እየተቀባበሉ እስከ አራት ሰው ስለሚያጫውት ሌላ ወጪ የለበትም። ለኔ ዕቃው በእሱ ብቻ ዋጋውን አውጥቷል።

ቴሌቪዥኑ ሥር የሚቀመጠውን ቀጭን ዘንግ ሁሉም “ሴንሰር” ይለዋል እንጂ ውስጡ ያሉት ዓይን የማያያቸው የኢንፍራሬድ መብራቶች ናቸው። የሚያየው ሪሞቱ ጫፍ ላይ ያለው ካሜራ ነው። የኛን ዘንግ ገመድ አይጥ በላው። ወንድሜ በስልክ “ሁለት ሻማ አብሪና ሞክሪ” ሲለኝ የሚያሾፍብኝ መስሎኝ ነበር። ሁለት ጧፍ ጤፍ በሞላ ስኒ ላይ ተክለን፣ ሃያ ሳንቲሜትር ያህል አራርቀን ስክሪኑ ሥር አበራን፤ ስክሪኑ ላይ ያለችው እጅ ብቅ አለች! መጋረጃ ባለበት ግን አትሞክሩት።

ስዊች ለሚባለው ለኋለኛው የኒንቴንዶ ማጫወቻ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣውን ስዊች ስፖርትስ ጎረቤት ቤት አይቼዋለሁ። ምስሉ ጥርት ያለ ነው፣ መረብ ኳስም አለው። ገንዘቡ ያለው ይግዛው።

ስፖርት ልሠራበት ለሚል ላብ የሚያወጣው ቦክሱ ብቻ ነው፤ እሱም በሁለት እጅ ስለሆነ ኑንቻክ የምትባለዋ ተቀጥላ ከሌለች አይሆንም። በግንቦት ሙቀት ግን ከዚህ ይልቅ ማለዳ ወጥቶ ጣና ዳር መራመድ ሳይሻል አይቀርም። እንቢ ካላችሁ የሪሞቱን ማሰሪያ አንጓችሁ ላይ አጥብቁ፣ ረከቦቱንም አስቀድማችሁ ከመሀል አንሱ።