«ባክ ኢን ብላክ»፦ አሥሩ ዘፈኖች ከመጨረሻው እስከ አንደኛው

የሮክ ቡድኑ የኤሲ ዲሲ አልበም «ባክ ኢን ብላክ» ሽፋኑ ጥቁር ነው። የሐዘን ልብስ ነው። ድምፃዊው ቦን ስኮት እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1980 ሞተ። ቡድኑ ብራያን ጆንሰንን ተክቶ ባሃማስ፣ ናሶ በሚገኘው ኮምፓስ ፖይንት ስቱዲዮ ገባና ከፕሮዲውሰሩ ማት ላንግ ጋር አሥር ዘፈን ቀረጸ። አልበሙ በዚያው ዓመት ጁላይ 25 ወጣ፤ አርባ ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው። እዚህ ለዘፈኖቹ ደረጃ የወጣላቸው በአንድ መመዘኛ ነው፦ በምትና በምት መሃል ያለው ክፍት ቦታ ምን ያህል ተጠብቋል?

መጨረሻ ላይ የሚቀመጠው «ጊቨን ዘ ዶግ ኤ ቦን» ነው። ግጥሙ የብልግና ቀልድ፣ አዝማቹ የአንድ ሐረግ ድግግሞሽ፤ ሦስት ተኩል ደቂቃውም ይበዛበታል። ዘጠነኛው «ሌት ሚ ፑት ማይ ላቭ ኢንቱ ዩ» አጀማመሩ ዝግ ያለና የሚያጓጓ ሆኖ አዝማቹ ላይ ሲደርስ ይደነዝዛል። «ዋት ዱ ዩ ዱ ፎር መኒ ሃኒ» በስምንተኛነት ይለፍ።

ሰባተኛው «ሃቭ ኤ ድሪንክ ኦን ሚ» ሪፉ፣ ማለትም ተደጋጋሚው የጊታር ሐረግ፣ ከሦስቱም ይሻላል። ችግሩ ሌላ ነው። ስኮት የሞተው ሲጠጣ ባመሸበት ሌሊት ነው፤ ለእሱ መታሰቢያ በሆነ አልበም ውስጥ «እኔ ልጋብዝ፣ ጠጡ» የሚል ዘፈን ለቅሶ ቤት ገብቶ እንደሚያጨበጭብ ሰው ያሳቅቃል።

«ሼክ ኤ ሌግ» ስድስተኛ። ጆንሰን ከጉሮሮው ጣሪያ ላይ ሆኖ ነው የሚዘፍነው። ይህን መድረክ ላይ ለመጫወት የሚያስቡ ባንዶች ድምፃዊያቸው ካልደረሰበት የኮርዶቹን ቁልፍ አይቀይሩ፤ ሪፉ የቆመባቸው ክፍት ክሮች ይጠፋሉ። ጊታሩንና ቤዙን በሙሉ ግማሽ ቶን ዝቅ አድርጎ መቃኘት ይሻላል፤ ጣቶች በለመዱበት ቦታ ይቆያሉ፣ ድምፃዊውም ይተነፍሳል።

አምስተኛው የአልበሙ መዝጊያ «ሮክ ኤንድ ሮል ኤይንት ኖይዝ ፖሉሽን» ነው። አሥረኛ ዘፈን ስለጎደላቸው እዚያው ስቱዲዮ ውስጥ በጥድፊያ የተሠራ ነው፤ ግን ጥድፊያው አይሰማም። መጀመሪያ የሲጋራ መለኮሻ ድምፅ፣ ከዚያ ንጹሕ ጊታር፣ ከዚያ የጆንሰን ንግግር። በስልክ ስፒከር ከሰሙት ይህ ሁሉ ያመልጣል።

አራተኛው ሁሉም የሚያውቀው «ዩ ሹክ ሚ ኦል ናይት ሎንግ»። ጂ፣ ሲ፣ ዲ፤ ጊታር በጀመረ በወሩ ማንም የሚይዛቸው ኮርዶች ናቸው። ጀማሪ የሚሳሳተው ባሬ ኮርድ (በአንድ ጣት ክሮቹን አቋርጦ ተጭኖ) ሲይዝ ነው። ክፍት ኮርድ መሆን አለበት፤ መግቢያው ላይ የጂ ክር ሳይነካ ከሥር እየጮኸ ነው ውበቱ። ሶሎው በሜጀርና በማይነር ፔንታቶኒክ (ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት) መሃል ይመላለሳል። የሜጀሩ አምስት ድምፆች የእኛ ትዝታ ሜጀር ድምፆች ስለሆኑ፣ በትዝታ የሠለጠነ ጆሮ እነዚያን ሐረጎች ሳይቸገር ይለቅማቸዋል።

«ሹት ቱ ትሪል» ሦስተኛ ነው። ከአምስት ደቂቃ በላይ ይሄዳል፣ ግን አይረዝምም፤ ወደ መጨረሻው ሁሉም ነገር ዝቅ ብሎ ጊታሩ ብቻውን ቀስ እያለ ይገነባልና። እዚያ ጋ ድራመሩ ቸኩሎ ከገባ ዘፈኑ ፈረሰ።

«ሄልስ ቤልስ» በሁለተኛነቱ የሚከራከር ይኖራል። ደወሉን እንግሊዝ አገር፣ ላፍቦሮ ውስጥ ካለ የመታሰቢያ ማማ ላይ ሊቀርጹ ሞክረው ነበር፤ በየምቱ ወፎች ብር ብለው እየወጡ የክንፋቸው ድምፅ ቀረጻውን አበላሸው። ስለዚህ ለቡድኑ የተሠራውን 900 ኪሎ ገደማ ደወል እዚያው ከተማ፣ ቀልጦ በተሠራበት ፋብሪካ ቀረጹት፤ ከዚያም ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሰው ከክብደቱ የገዘፈ ድምፅ እንዲሰጥ አደረጉት። ጊታሩ ክር በክር እየተነካ ሲገባ አንዱ ጊታር በአንድ ጆሮ፣ ሌላው በሌላው ነው። አንዱን የጆሮ ማዳመጫ አውልቆ ሪትም ጊታሪስቱ ማልኮም ያንግ ብቻውን የሚሠራውን መስማት ከማንኛውም የጊታር ትምህርት ይበልጣል።

አንደኛው የአልበሙ ስም የሆነው ዘፈን ነው። ሃይ ሃት (የድራሙ ጥንድ ሳህን) እና የታፈነ ክር አራት ይቆጥራሉ። ኢ፣ አንዴ። ዝምታ። ዲ ሦስቴ። ዝምታ። ኤ ሦስቴ። ከዚያ የሊድ ጊታሪስቱ የአንገስ ያንግ አጭር ሐረግ ከቀጭኖቹ ክሮች ይወርዳል፤ በሁለተኛው ዙር ደግሞ በወፍራሞቹ ላይ እየተንፏቀቀ ይወጣል። በቃ፣ ይኸው ነው። የሚጫወቱት ሰዎች ግን ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ይወድቃሉ፦ ዲስቶርሽኑን፣ የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክረውን፣ ያበዙታል። አምፑ ሲበዛበት ክሩ ከታፈነ በኋላም ሹክሹክታው ስለሚቀር ዝምታው ይሞላል። የማልኮም ግሬች ጊታር ወፍራም ክር፣ ጥቂት ጌይን (ዲስቶርሽኑን የሚጨምረው)፣ ብዙ ቮልዩም ነበር። ኢን ከመቱ በኋላ ግራ እጅ ከክሩ ላይ ሳይለቅ ይላላ፣ የቀኝ መዳፍ ክሮቹ ላይ ይረፍ፤ ግራ እጅ ብቻ ከሆነ ክፍቱ የኢ ክር እየጮኸ ይቀራል። ድራመሩ ፊል ራድ ስኔሩን (ዋናዋን ትንሽ ከበሮ) ሁለተኛውና አራተኛው ምት ላይ ብቻ ያሳርፋል፣ ክፍተቱን ለመሙላት እጁን አያነሳም። ፍጥነቱ በደቂቃ 93 ምት ገደማ ነው፤ አብዛኛው ባንድ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሳይታወቀው 100 ይደርሳል፣ ያኔ የቀረው ሪፍ ማርሽ ባንድ ይመስላል። ሜትሮኖም (ምት ቆጣሪ) አብርቶ፣ ድራመሩን አስወጥቶ፣ ሁለቱን ጊታሮች ብቻ ለአሥር ደቂቃ ማለማመድ ነው።