የአባቴን ሆድ በቀጭን መርፌ ለመረመሩልን የጅማ ሐኪሞች

ይህን ምስጋና ሳልጽፍ አምስት ወር ቆየሁ። አባቴ ሲያገግም በዓይኔ ማየት ፈልጌ ነው።

አባቴ አጋሮ አካባቢ ቡና አምራች ነው። ኅዳር ላይ፣ ለቀማው ሲጋመስ፣ ሆዱን ያመው ጀመር። ጨጓራ ነው ብለን ተውነው። እያደር ምግብ እምቢ አለው። ሱሪው በቀበቶም አልያዝ አለ። ማታ ማታ ያተኩሰዋል፣ ሌሊት ደግሞ አንሶላው በላብ ይርሳል። ሳል የሚባል ነገር ግን አልነበረውም።

ታኅሣሥ ላይ ጅማ እኔ ዘንድ አመጣሁትና አንድ የግል ክሊኒክ አልትራሳውንድ ተነሳ። «ከቆሽቱ አጠገብ እብጠት አለ» ተባልን። እዚያው ያየን ሰው «ካንሰር ሳይሆን አይቀርም፤ በመርፌ እንዳታስነኩት፣ ይሰራጫል» ብሎ አሰናበተን። ናሙና አልተወሰደ፣ ሌላ ምርመራ አልታዘዘ፣ እንዲሁ ካንሰር ተብሎ ወጣን።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ለቅሶ ቤት መሰለ። አጎቴ ቡናውን ሸጠን አዲስ አበባ እንውሰደው አለ። አክስቴ «ካንሰር ብረት ከነካው አለቀ» እያለች ማንም እንዳይነካው ታስጠነቅቀናለች። አባቴ ራሱ አንድ ማታ አስቀምጦኝ የትኛው ማሳ ለማን እንደሚሆን ይነግረኝ ጀመር። ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግሥቱ በጠዋት ይዤው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሄድኩ። ሲቲ ስካን ተነሳ። እብጠቱ ከቆሽቱ ራስ አጠገብ ተጣብቀው ያበጡ ንፍፊቶች ሊሆኑ እንደሚችሉ ተነገረን። የውስጥ ደዌ ሐኪሙ አስቀምጠው አስረዱኝ። ምስሉ ቦታውንና መጠኑን ነው የሚያሳየው፤ ምንነቱን ለማወቅ ከራሱ ከእብጠቱ መውሰድ ያስፈልጋል አሉኝ።

የአክስቴን ፍርሃት ሳልደብቅ ነገርኳቸው። አላጣጣሉትም። መርፌው በሄደበት መስመር የካንሰር ሴል የሚቀርበት አጋጣሚ አለ፣ ግን ብርቅ ነው አሉ። በቀዶ ሕክምና ሙሉ በሙሉ ሊወጡ በሚችሉ አንዳንድ ዕጢዎች ላይ ሐኪሞች መርፌውን አስበውበት ይተዉታል። የአባቴ ግን ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ምንም መድኃኒት ሊጀመርለት አይችልም። እውነቱን እንዳለ ስለነገሩኝ ልቤ ያረፈው በዚህ ነው።

መጀመሪያ ደሙ ተመረመረ፤ የደም መርጋቱና ደም እንዲረጋ የሚያግዙት የፕላትሌት ሴሎች ቁጥር ታየ። አስፕሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን ክኒን ይወስድ እንደሆነ ሁለቴ ተጠየቅን። ውሃ የቋጠረ እብጠት ሲሆን ደግሞ የበለጠ እንደሚጠነቀቁ ሰማሁ። የውሻ ኮሶ ትል በጉበት ውስጥ የሚሠራው ከረጢት ሳይታሰብበት ከተወጋ ከባድ አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል። ይህን እኔ በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ቀኑ ደረሰ። አባቴ አልጋው ላይ እስኪተኛ እጄን አልለቀቀኝም። በምስል የሚመረምሩት ሐኪም፣ ራዲዮሎጂስቷ፣ ወጣት ናቸው። ያን ቀዝቃዛ ጄል ሆዱ ላይ ከማድረጋቸው በፊት «አባባ፣ ትንሽ ይቀዘቅዝዎታል» አሉት። ቆዳውን በአዮዲን አጸዱ፣ ማደንዘዣ ወጉት። መርፌው ደም ከሚቀዳበት የማይወፍር፣ ግን ረዘም ያለ ነው። እኔ ከበሩ አጠገብ ቆሜ ስክሪኑን አያለሁ። ጥቁርና ግራጫው መሀል አንዲት ነጭ መስመር ብቅ አለች። ለካ የመርፌው ጫፍ ኖሯል። የደም ሥሮቹን አልፋ ቀስ እያለች ወደ እብጠቱ ስትገባ ታየችኝ።

«አባባ፣ አሁን ትንፋሽዎን ይያዙ።»

ያዘ። እኔም አብሬው ያዝኩ። ሐኪሟ መርፌውን ሁለት ሦስቴ ወደፊት ወደኋላ አድርገው አወጡት። «ይተንፍሱ አባባ፣ ጎበዝ።» አባቴ በኋላ «እሾህ ከወጋኝ አይብስም» ነው ያለው።

ከጎን ናሙናውን የሚመረምሩት የፓቶሎጂ ሐኪም ቆመው ነበር። መርፌ ውስጥ የነበረችውን ጠብታ ስላይድ በሚሉት ስስ የመመርመሪያ ብርጭቆ ላይ አድርገው በሌላ ብርጭቆ ስስ አድርገው ለቀለቋት። ገሚሱን ብርጭቆ አልኮል ውስጥ ከተቱ፣ ገሚሱን አየር ላይ አደረቁ። አንዱን እዚያው ቀለም ነክረው በማይክሮስኮፕ አዩና ናሙናው እንደሚበቃ ተናገሩ፤ አባቴ ድጋሚ ሳይወጋ ቀረ። የወጣውም ደም ብቻ አልነበረም፤ ነጣ ያለ፣ አይብ የመሰለ ነገር ነበረበት። ከዚያ በኋላ ጥቂት ሰዓት አስተኝተው ግፊቱን እየለኩ ተከታተሉት። ሆዱን አጥብቆ ካመመው ወይም ካዞረው ሌሊትም ቢሆን እንድንመለስ ነግረው ሸኙን።

ውጤቱ ቲቢ ሆነ። የሆድ ውስጥ ንፍፊት ቲቢ። ሰውነት ባክቴሪያውን ለመክበብ የሚሠራቸው የሴል ክምችቶች በብርጭቆው ላይ ታይተዋል፤ ጂን ኤክስፐርት በሚባለው የቲቢ መመርመሪያ መሣሪያ የተደረገው ምርመራም ባክቴሪያውን አገኘው። የፓቶሎጂ ሐኪሙ ወረቀት ብቻ አልሰጡኝም። ማይክሮስኮፑ ጋ ጠርተው «ና እይ፣ ካንሰር አላየንበትም» አሉኝ። ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ አለቀስኩ።

መድኃኒቱ ስድስት ወር ነው፤ ሁለት ወር አራት ዓይነት፣ አራት ወር ሁለት ዓይነት። የሚሰጠው በነፃ ነው።

ሆዱ ውስጥ እብጠት የተገኘበት ሰው ካላችሁ እባካችሁ በአንድ አልትራሳውንድ ብቻ ተስፋ አትቁረጡ። «በመርፌ ናሙና መውሰድ ይቻላል ወይ?» ብላችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ለጉበትም፣ ለጣፊያም፣ ለቆሽትም ይሠራል፤ የሚወስኑት ግን እነሱ ናቸው። የሚወሰደውን መድኃኒት ሁሉ በላስቲክ ይዛችሁ ሂዱ። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፤ መርፌው «ካንሰር አላገኘሁም» ሲል ሁልጊዜ ካንሰር የለም ማለት አይደለም። ቦታውን ስቶ ሊሆን ይችላል። ምስሉና ሕመሙ ካልተስማሙ ይደገማል፣ ወይም ወፈር ባለ መርፌ ቁራጭ ሥጋ ይወሰዳል። ሊምፎማ የሚባለው የንፍፊት ካንሰር ሲጠረጠር ብዙ ጊዜ ቁራጩ ያስፈልጋል። ድገሙት ሲሏችሁ አትቆጡ።

የሐኪሞቹን ስም ሳላስፈቅድ እዚህ አልጽፍም። ራዲዮሎጂስቷ፣ የፓቶሎጂ ሐኪሙ፣ ብርጭቆዎቹን በስም የለዩት የላብራቶሪ ባለሙያ፣ አባቴን በዊልቸር የገፋው ልጅ፣ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። እጃችሁ ይባረክ። እግዜር ውለታችሁን ይክፈል።

አባቴ አሁን አምስተኛ ወሩን ይዟል። ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ወርዷል፣ እሱም አጋሮ ተመልሶ የቡና ችግኝ እየተከለ ነው። ትናንት ሲደውል ስለ መድኃኒቱ ጠየቅኩት፤ ዘንድሮ ስንት ጉድጓድ እንዳስቆፈረ ነገረኝ። ስልኩን ሊዘጋ ሲል «ያቺን ትንፋሽዎን ይያዙ ያለችኝን ልጅ ሰላም በልልኝ» አለ።

ዶክተር፣ አባቴ ሰላም ብሎዎታል።