ጣሪያዋ የሚታጠፍ ቮልስ በአዲስ አበባ፦ የ13 ወር ልምድ

አገራችን «የ13 ወር ፀጋ» እየተባለች ስትተዋወቅ ስለኖረች ክፍት መኪና ለመያዝ ከአዲስ አበባ የተሻለ ከተማ የለም ብዬ አምን ነበር። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የገዛኋትን፣ በ1969 እ.ኤ.አ. የተሠራች ጣሪያዋ የሚታጠፍ ቮልስዋገን እነሆ ጳጉሜንን ጨምሮ 13ቱንም ወር ይዣታለሁ። በዚህ ጊዜ 3,400 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቻታለሁ፤ ጣሪያዋን አጥፌ በደስታ የነዳሁባቸው ወራት ግን ከአምስት አይበልጡም።

ለዕለት ሥራ የምጠቀምበት ኮሮላ አለኝ። ቮልሷን የገዛሁት ለመዝናኛ ብቻ ሲሆን፣ ቮልስን የመረጥሁትም ፍቅር ስለያዘኝ ሳይሆን በስሌት ነው። በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያረጁ መኪኖች ላይ ከባድ ኤክሳይዝ ታክስ ከተጣለ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ክፍት መኪና የሚፈልግ ሰው ምርጫው ቀድሞ አገር ውስጥ የገባ ብቻ ነው። ከገቡት መካከል ደግሞ መለዋወጫው ሶማሌ ተራ የሚገኝ፣ በየሰፈሩም መካኒክ የማያጣ ቮልስ ነው። ስሌቱ ግማሽ ትክክል ነበር፤ ሞተሯን በዚህ ከተማ የማያውቅ መካኒክ የለም፣ ጣሪያዋን ግን የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ካወጣሁት ገንዘብና ካባከንሁት ጊዜ አብዛኛው ከዚህ ልዩነት የመጣ ነው።

ከመግዛቴ በፊት ሦስት ክፍት ቮልሶችን አይቻለሁ። ሁለቱ ጣሪያቸው ጋራዥ ውስጥ በመጋዝ የተቆረጠ ተራ ቮልሶች ሆነው ተገኙ። በተራው ቮልስ ጣሪያው ራሱ የአካሉ አጥንት በመሆኑ፣ ሲቆረጥ መኪናው ወገቡ ይሰምጣል፣ በሮቹም አንዴ ሳይዘጉ አንዴ ሳይከፈቱ ባለቤቱን ያሠቃያሉ። እውነተኛዎቹን ከ1949 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. የሠራው በጀርመን ኦስናብሩክ ከተማ የነበረው የካርማን ፋብሪካ ሲሆን፣ ጣሪያው ይሸከመው የነበረውን ኃይል እንዲችሉ ከበሮቹ ግርጌ ከፊት እስከ ኋላ የሚዘረጋውን ሣጥን መሰል ብረት በተጨማሪ ላሜራ አጠንክሮታል። ገዢ ይህን ለመለየት የደላላ ቃል አያስፈልገውም። ከ1965 እ.ኤ.አ. ሥሪት ወዲህ የሻሲው ቁጥር የመጀመሪያ ሁለት አኃዞች የመኪናውን ዓይነት ይናገራሉ፤ ተራው ቮልስ 11፣ ክፍቱ 15 ነው። ሦስተኛው አኃዝ የሞዴሉ ዓመት መጨረሻ ስለሆነ የእኔዋ በ159 ትጀምራለች። ቁጥሩ ከኋላ ወንበር ሥር፣ መሀል ለመሀል በሚያልፈው የብረት ጉብታ ላይ ተመትቶ ይገኛል፤ ሊብሬው ላይ ካለው ጋር ማመሳከር ነው። ከዚያም አራት ሰው አስቀምጦ በሮቹን መክፈትና መዝጋት ይገባል። የበሩ የላይኛው ክፍተት ከጠበበ ግርጌው በዝገት ተበልቷል ማለት ነውና፣ ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያብረቀርቅ ትቶ መሄድ ይሻላል። ስቱኮ የማይሸፍነው ቀዳዳ የለም።

እኔ ይህን ሁሉ አጣርቼ በ680,000 ብር ገዛሁ፤ ያላጣራሁት ግን ከኋላ ያለውን የሞተሩን ኮፈን ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ ከስድስት ኪሎ በሽሮ ሜዳ አድርጌ ወደ እንጦጦ ስወጣ የጋለ ዘይት ሽታ ይመጣል፣ ጉልበቷ ይደክማል፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ ዳገቱ መሀል ቆማብኛለች። ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ ቮልስ ሲሠሩ የኖሩት መካኒኬ ካንዴላውን ቀየሩ፣ ፑንቲናውን አስተካከሉ፣ ካርቡሬተሩን ሁለት ጊዜ ፈትተው አጠቡ፣ የቫልቮላውን ክፍተት 0.15 ሚሊ ሜትር ላይ መለሱ። ለውጥ አልመጣም። «ልጄ፣ ይቺ መኪና ጤነኛ ናት፤ ከፍታው ነው» አሉኝ በመጨረሻ። ከፊል እውነት ነበራቸው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፤ ፋብሪካው የቆጠረላት 44 የፈረስ ጉልበት እዚህ ከአምስት አንዱን እጅ ያህል ያጣል፣ ራዲያተር የሌለው ሞተር ደግሞ በስስ አየር እንደ ልቡ አይቀዘቅዝም። ነገር ግን ተራዎቹ ቮልሶች ያንኑ ዳገት ሲወጡ እያየሁ ምክንያቱ ከፍታው ብቻ ነው ብሎ መቀበል አስቸገረኝ።

መልሱን ያገኘሁት የፋብሪካውን የድሮ ፎቶግራፍ ስመለከት ነው። ተራው ቮልስ ለሞተሩ የሚሆነውን አየር ከኋላ መስታወቱ ሥር ባሉት ቀጫጭን ክፍተቶች ይስባል። ክፍቷ በዚያ ቦታ ጣሪያው ስለሚታጠፍባት እነዚያ ክፍተቶች የሏትም፤ አየር የምታገኘው ኮፈኑ ላይ በተከፈቱት ቀዳዶች ብቻ ነው። ከእኔ በፊት ከነበሩት ባለቤቶች አንዱ፣ ምናልባት ከኋላ ተገጭቶ ይሆናል፣ የተራ ቮልስ ድፍን ኮፈን አስገጥሞባት ኖሯል። ሞተሯ አፍንጫዋ ተይዞ ዳገት ትወጣ ነበር ማለት ነው። በጥር ወር ሶማሌ ተራ ከሁለት ቅዳሜ ፍለጋ በኋላ ከኋለኛ ዘመን ቮልስ የተነሣ ባለቀዳዳ ኮፈን በ4,500 ብር አገኘሁ፣ ያለ ብዙ ትግል ገጠመ፣ የእንጦጦም ችግር በዚያው ቀን አበቃ። መካኒኬ ኮፈኑን ገልበጥ ቀና እያደረጉ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

አየር ያስገቡት ቀዳዶች ግን ዝናብም ያስገባሉ። በሐምሌ አንድ ከሰዓት፣ ከብሔራዊ ቴአትር ተነሥቼ ቸርችል ጎዳናን ስወጣ ውኃው በቀጥታ ሞተሩ ላይ ወርዶ እያስነጠሳት በጭንቅ ፒያሳ ደረስሁ። ፋብሪካው ለዚህ ብሎ ከኮፈኑ ሥር ውኃውን ተቀብሎ ወደ ጎን የሚያፈስ ስስ ቆርቆሮ ይገጥምላቸው ነበር፤ የእኔዋ ከኮፈኗ ጋር እርሱንም አጥታለች። አንድ ቆርቆሮ ሠሪ በ1,800 ብር ሠራልኝ፤ መልኩ ባያምርም ሥራውን ይሠራል።

ወደ ጣሪያው ልምጣ። የካርማን ጣሪያ ተራ ሸራ አይደለም፤ ከላይ ወፍራም ጨርቅ፣ መሀል ላይ መሙያ፣ ከውስጥ ደግሞ ሌላ ስስ ጨርቅ ያለው፣ የኋላው መስታወት እውነተኛ መስታወት የሆነ፣ ሲዘጋ ከተራ መኪና ጣሪያ የማይተናነስ ሙቀት የሚይዝ ሥራ ነው። ሲታጠፍም እንደ አዲሶቹ መኪኖች አይሰወርም፤ ከኋላ ወንበሩ በስተጀርባ ተቆልሎ ስለሚቀመጥ በመስታወት ወደ ኋላ ማየት ከባድ ነው። እኔ ስገዛት የላይኛው ጨርቅ ተቀዶ በፕላስቲክ ተለጥፎ ነበር፤ ይህን ትንሽ ነገር አድርጌ መቁጠሬ ትልቁ ስሕተቴ ነበር። በየካቲት የጭነት መኪና ሸራ በሚሰፋ ባለሙያ አዲስ አሰፋሁ። ባለሙያው በሥራው የተመሰገነ ነው፤ ሸራው ግን ለማጠፍ የሚከብድ፣ ፀሐይ ሲመታው የሚኮማተር ሆነ። በመጋቢት የበልግ ዝናብ ሲጀምር ከፊት መስታወቱ በላይ ባሉት ሁለት ማዕዘኖች ውኃ ጉልበቴ ላይ መንጠባጠብ ያዘ። ሸራው ተነሥቶ ሲታይ፣ ጨርቁ ከፊት የሚቸነከርበት እንጨት በስብሶ እንደ ዳቦ በጣት ይፈረፈር ነበር። ምስማር የማይይዝ እንጨት ላይ የትኛውም ጨርቅ ሊወጠር አይችልም።

እንጨቱን አንድ አናጢ የድሮውን ቅሪት እየለካ ከዋንዛ ጠርቦ ሠራው። በዚህ ዓመት ከተሠሩት ሥራዎች ሁሉ ያለ ቅሬታ የከፈልሁበት ይህ ነው። ጨርቁን ግን እዚህ ማግኘት አልተቻለም፤ በነሐሴ ከጀርመን የመጣ የአክስቴ ልጅ በሻንጣው ይዞልኝ መጣ፣ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ተገጠመ። አሁን አንድ ሰው ብቻውን በሁለት ደቂቃ ያጥፈዋል፤ ከነፋስ ድምፅ በስተቀር የሚያስመርር ነገር የለውም። ጨርቁ፣ እንጨቱ፣ የእጅ ዋጋውና ከስሮ የቀረው ሸራ ሲደመር 118,000 ብር ወጥቷል። በዚያው ጊዜ ለሞተሩ ያወጣሁት፣ ፍሪሲዮኑን ጨምሮ፣ 31,000 ብር ነው። መግዛት የሚያስብ ሰው ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱን ብቻ ቢያስታውስ የፊተኛውን ያስታውስ።

ፍሪሲዮኑ የተቃጠለው በእኔው የዋህነት ነው። ክፍት መኪና ያለው ሰው በጥርና ከፋሲካ በኋላ ባለው ጊዜ ዘመዱ ሁሉ ያስታውሰዋል። ሦስት ጊዜ ለሰርግ ተጠየቅሁ፣ ሁለቱን እንደምንም አሳለፍሁ፣ የሦስተኛው ግን የወንድሜ ልጅ ስለሆነ እምቢ ማለት አልቻልሁም። ከመስቀል አደባባይ እስከ አራት ኪሎ በጥሩምባና በቪዲዮ ቀራጭ ታጅቤ በእግረኛ ፍጥነት ስሄድ ግማሽ የረገጥሁት ፍሪሲዮን መሽተት የጀመረው ገና ካዛንቺስ ሳንደርስ ነበር። ሙሽሮቹ ሽታውን ዕጣን መስሏቸው እንደነበር በኋላ ነግረውኛል።

አሁን ስለ መንዳቱ። በሥራ ቀን ጣሪያ ከፍቶ መሀል ከተማ መሄድ በፍጹም አያስደስትም። ጭንቅላትዎ ከፒክአፕና ከአውቶቡስ ጭስ ማውጫ ጋር ይስተካከላል፣ ከቀኑ አምስት ሰዓት በኋላ የደጋው ፀሐይ ባርኔጣ ላላደረገ ሰው ምሕረት የለውም፣ መብራት ላይ በቆሙ ቁጥር ስልክዎንና ቦርሳዎን መጠበቅ ይኖርብዎታል። አስተያየቱም አያልቅም። አንድ የሚኒባስ ረዳት ሜክሲኮ ላይ ራሱን በመስኮት አውጥቶ «ጋሼ፣ ጣሪያውም በኮሪደር ልማት ተነሣ እንዴ?» ብሎኛል፤ መልስ አላገኘሁለትም።

እሑድ ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ግን ሌላ ነገር ነው። ከስድስት ኪሎ ወርጄ በአራት ኪሎ አድርጌ ወደ ፒያሳ ስዞር የቅዱስ ጊዮርጊስ ቅዳሴ ከመኪናው ውስጥ ይሰማል፤ በተራ መኪና መስታወት ቢከፈትም እንዲህ አይሰማም፣ ድምፁ ከላይ ነውና የሚመጣው። ቸርችል ጎዳናን በሦስተኛ ማርሽ ለገሃር ድረስ መውረድ፣ በአዲሱ አስፋልት ላይ የሞተሩን የተለመደ ጩኸት ከኋላ መስማት፣ ጋቢ እግር ላይ ጣል አድርጎ የጥቅምትን ብርድ ፊት ላይ መቀበል፣ ይህን ለማግኘት ነው ሁሉም ወጪ። በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እንዲህ የሚያስደስት ሌላ መኪና አልነዳሁም። ከመስቀል እስከ ገና ያለው ጊዜ ዝናቡ አየሩን አጥቦ ስለሚተወው ከሁሉ ይሻላል፤ ከየካቲት በኋላ አቧራው ያስቸግራል፤ በክረምቱ ሦስት ወር ያወጣኋት አምስት ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ቆማም ቢሆን ወንበሮቿ ሻጋታ አውጥተው ነበር።

ቤንዚን በከተማ ውስጥ በ100 ኪሎ ሜትር 11 ሊትር ገደማ ትጠጣለች፣ ሊትሩም ከ100 ብር በላይ ሆኗል፤ በምነዳት ልክ ግን ይህ አያስጨንቅም። ዘይቷ ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው፤ ከወንፊት በቀር ማጣሪያ ስለሌላት በየ3,000 ኪሎ ሜትሩ እቀይራለሁ። ለቦሎ ምርመራ በሁለተኛው ጊዜ አልፋለች፤ በመጀመሪያው የግራ ፍሬቻዋ አልበራም ነበር። የሦስተኛ ወገን መድን ያለ ችግር ተገኘ፣ ሙሉ ዋስትና የጠየቅሁት ድርጅት ግን የመኪናዋን ዕድሜ ሲሰማ ፎርሙን መልሶ ወሰደ።

ባለቤቴ ልጃችን ከኋላ እንድትቀመጥ አትፈቅድም። የኋላው ወንበር ቀበቶ የለውም፣ መኪናው ቢገለበጥ ከራስ በላይ የሚከላከል ብረትም የለም፤ ስለዚህ ልክ ናት ብያለሁ። በተግባር ባለሁለት ሰው መኪና ነው የገዛሁት፤ ለቤተሰብ ሽርሽር የሚያስብ ሰው ይህን ከወዲሁ ይወቀው።

ዛሬ ብትጠይቁኝ መልሼ እገዛታለሁ፣ ነገር ግን ዋጋው ላይ ጣሪያውን ደምሬ፣ ኮፈኑንም አይቼ። ያልተፈታው ነገር የግራው የኋላ ጎን መስታወት ላስቲክ ነው፤ ከአዲሱ ጨርቅ ጋር በእርሳስ ውፍረት ያህል አልገጥም ብሏል። የአክስቴ ልጅ ለገና ሲመጣ አዲሱን ይዞ ይመጣል፤ እስከዚያው ክፍተቱ ላይ የታጠፈ ፎጣ ሰክቼበታለሁ።