ካርዱ ፈጥኗል፣ መጋረጃው ግን የለም

ደሴ፣ ሰፈራችን ያለው ጤና ጣቢያ ካርዱን ወደ ኮምፒውተር ካዞረ ወዲህ ካርድ ክፍል ደጅ መጥናት ቀርቷል። ግልግል ነው! የገረመኝ ግን ነርሷ የእናቴን ስኳር ለክታ ስታበቃ የጠየቀቻት ነው። «እማማ፣ ቤት ውስጥ ማን አለ? ፍሪጅ አለዎት?» ያልተከፈተ ኢንሱሊን፣ የስኳር መርፌው ማለት ነው፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው፤ ስለዚህ ጥያቄው ለወሬ አይደለም። «ፍሪጁ የጎረቤት ነው» አለች እናቴ። ተመዘገበ። እንዲህ ያለው ነገር ሐኪሞች በሽታንና ተያያዥ ችግሮችን በኮድ በሚመዘግቡበት ዝርዝር፣ በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ 10ኛ እትም፣ የራሱ ኮድ አለው፤ የመኖሪያና የኑሮ ችግር ዜድ59 ነው።

ቅር ያለኝ አጠያየቁ ነው። ወረፋ ጠባቂው ሁሉ ይሰማል። የወሎ እናት ደግሞ ጓዳዋን በሰው ፊት አትዘረግፍም። «ምግብስ አይቸግርዎትም?» ስትባል «አልሃምዱሊላህ» ብላ ዘጋችው። «ችግር የለም» ተብሎ ተጻፈ፤ ይኸው ነው!

በቀጣዩ ቀጠሮ ሌላ ነርስ ገባች። ስክሪኑን ዞር ብላ እንኳ ሳታይ ያንኑ «ፍሪጅ አለዎት?» ደገመች። ታዲያ ለማን ነው የተጻፈው?

ለፍጥነቱ አምስት ኮከብ፣ ለሚስጥር አጠባበቁ አንድ። የምትሄዱ ካላችሁ በጠዋት ድረሱ፤ የጤና መድን ደብተራችሁንም እንዳትረሱ።