የጄኔቫው ዶሴ በእጅ ስልክ፦ የዓለም መንግሥታት ማኅበር ቤተ መዛግብት ድረ ገጽ ሲመዘን

በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ስለነበረችው አውሮጳ የሚያጠና ሰው ዞሮ ዞሮ የሚደርሰው ጄኔቫ ነው። የዓለም መንግሥታት ማኅበር ሥራ ከጀመረበት እስከ ፈረሰበት እስከ 1946 ድረስ የጻፈውና የተጻፈለት ወረቀት በፓሌ ዴ ናሲዮን፣ በተባበሩት መንግሥታት ቤተ መጻሕፍት ሥር ተቀምጧል። ጎን ለጎን ቢደረደር ወደ 3 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከ2017 እስከ 2022 በተካሄደ ሥራ 15 ሚሊዮን ገጽ ገደማ በስካነር ተነስቶ ድረ ገጽ ላይ ወጥቷል። ክፍያ የለውም፣ ቪዛም አይጠይቅም። ለጎንደር ወይም ለጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ወሮችና ቀኖች፣ ለይተን ካልነገርን በቀር፣ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር፦ ለ20ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮጳ ታሪክ ዛሬ በነፃ ከሚገኙት የመዛግብት አገልግሎቶች መካከል ይህን የሚስተካከል ጥቂት ነው። ነገር ግን የመፈለጊያ ሳጥኑን ብቻ አምኖ የገባ ሰው ባዶ እጁን ይወጣል። ድረ ገጹ የሚከፈተው እንደ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ለሚያስብ ሰው ነው።

ለምን አሁን ተፈለገ? ለረጅም ጊዜ የማኅበሩ ታሪክ ይጻፍ የነበረው “ለምን ወደቀ?” በሚል ጥያቄ ዙሪያ ነበር። ያለፉት ሃያ ዓመታት ጥናት ግን ጥያቄውን ቀይሮታል። ማኅበሩ በየቀኑ ምን ይሠራ ነበር? ኦስትሪያ በ1922 ከኪሳራ ስትድን በጀቷን ማን ይቆጣጠር ነበር? አገር አልባ ለሆኑት የሩሲያ ስደተኞች የናንሰን ፓስፖርት እንዴት ተዘጋጀ? በፖላንድና በቼኮዝሎቫኪያ የነበሩ አናሳ ሕዝቦች አቤቱታቸውን ሲልኩ ወረቀቱ በማን ጠረጴዛ ላይ ያልፍ ነበር? ይህን የሚመልሰው የጉባኤ ንግግር አይደለም። ሹማምንቱ ለውስጥ ብለው የጻፉት ማስታወሻ ነው፤ ማስታወሻው ደግሞ ያለው ዶሴው ውስጥ ነው።

አሠራሩ በእኛ መሥሪያ ቤት ለሠራ ሰው እንግዳ አይሆንም። ደብዳቤ ገቢ ይሆናል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ለሚመለከተው ክፍል ይመራል። ኃላፊው አስተያየቱን ጽፎ፣ ስሙን በምህጻረ ቃል ፈርሞ፣ ቀን አስፍሮ ለቀጣዩ ይመራዋል። ሲያልቅ ከዶሴው ጋር ይያያዛል። የማኅበሩ መዝገብ ቤት የዘረጋው የቁጥር አሰጣጥ ሳይነካ ወደ ድረ ገጹ ተሸጋግሯል፤ ቁልፉም እሱ ነው።

የማዕከላዊው መዝገብ ቤት ዶሴ ቁጥር አራት ክፍል አለው፣ በእዝባር ይለያያል። የመጀመሪያው በላቲኑ አር ፊደል የሚጀምረው የሳጥን ቁጥር ነው። ሁለተኛው የጉዳዩ መደብ፣ ሦስተኛው የዚያ ሰነድ ገቢ ቁጥር፣ አራተኛው የዶሴው ቁጥር ነው። ዶሴው ቁጥሩን የሚወስደው ጉዳዩን ከከፈተው ከመጀመሪያው ደብዳቤ ነው። ስለዚህ ሦስተኛውና አራተኛው ቁጥር አንድ ዓይነት ከሆኑ ያገኛችሁት የጉዳዩን መነሻ ነው። ከዚያ በኋላ መደቡንና የመጨረሻውን ቁጥር ይዛችሁ ብትፈልጉ፣ ርዕሳቸው የማይመሳሰል ነገር ግን የአንድ ጉዳይ የሆኑ ፋይሎች ተከታትለው ይወጣሉ። በቃል ፍለጋ ከምታገኙት ይበልጥ የሚያስገኘው ይህ ነው። ብዙ ተማሪ ግን የመጀመሪያውን ፋይል አውርዶ ይቆማል።

የሚያሳስተው ደግሞ ይህ ነው። መዝገብ ቤቱ ወረቀቱን በሦስት ዘመን ከፍሎታል፦ 1919–1927፣ 1928–1932 እና 1933–1946። ዘመኑ ሲለወጥ መደቡም ይለወጣል። የአናሳ ሕዝቦች ጉዳይ በመጀመሪያው ዘመን መደብ 41 ሲሆን፣ ከ1928 ጀምሮ መደብ 4 ነው። በ41 ይዞ የጀመረ ሰው 1927 ላይ ጉዳዩ የተዘጋ ይመስለዋል። አልተዘጋም፤ ቁጥር ቀይሮ ቀጥሏል። በአማርኛ ምንጭ የሚሠራ ሰው ደግሞ ተጨማሪ ወጥመድ አለበት። የጣሊያን ወረራ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 22 ቀን 1928 ነው፤ ይህን ቁጥር ይዞ “1928–1932” የሚለውን ክፍል የከፈተ ሰው ከወረራው ሰባት ዓመት ቀድሞ ይገባል። የሚያስፈልገው ሦስተኛው ዘመን፣ ጥቅምት 1935 ነው።

የስም አጻጻፍም ሌላ ራስ ምታት ነው። የፋይሉ ርዕስ በዘመኑ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የጻፈው ነው፤ በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ። ኢትዮጵያ አንዳንዴ ኢትዮጵያ ናት፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ አቢሲኒያ፣ በፈረንሳይኛ አቢሲኒ። ወልወል በእንግሊዝኛ በደብልዩ፣ በጣሊያንኛ በዩ፣ በፈረንሳይኛ በኦ እና በዩ ይጀምራል፤ አንዱን ብቻ የሞከረ ሰው የቀረውን ያጣል። አውሮጳም ከዚህ አያመልጥም። የዛሬዋ ግዳንስክ ዳንዚግ ናት፣ ክላይፔዳ ሜሜል፣ ኢዝሚር ስሚርና፣ ልቪቭ ደግሞ ሌምበርግ ወይም ልቮቭ። በጀርመንና በፖላንድ መካከል የተከፈለውን ላይኛው ሲሌዥያን በፈረንሳይኛ ኦት ሲሌዚ ብሎ መሞከር ግድ ነው። ፍለጋ ከመጀመር በፊት የቦታውን ስም በሦስት ቋንቋ ወረቀት ላይ ማስፈር የግማሽ ቀን ድካም ያተርፋል።

በዶሴ መካከል የሚገኙት የታተሙ ሰነዶች የራሳቸው ቁጥር አላቸው። ሲ ማለት ለምክር ቤቱ የተሰራጨ፣ ኤ ለጉባኤው፣ ኤም ለአባል አገሮች ነው። ሲ እና ኤል አብረው ከመጡ ተዘዋዋሪ ደብዳቤ ነው። ከዚያ ዓመቱ ይከተላል፣ መጨረሻ ላይ በሮማን ቁጥር ዘርፉ፦ 2 ኢኮኖሚና ፋይናንስ፣ 3 ጤና፣ 7 ፖለቲካ፣ 9 ትጥቅ ማስፈታት። በአንድ የታተመ መጽሐፍ ግርጌ እንዲህ ያለ ቁጥር ካገኛችሁ፣ ሰነዱን ብቻ ሳይሆን ሰነዱ የተረቀቀበትን ዶሴ ፈልጉ። በታተመው ላይ የማይታየው ክርክር ረቂቁ ጠርዝ ላይ ይገኛል።

ድረ ገጹ ምን ያህል እንደሚያራምድ ለማየት የ1935ን ማዕቀብ እንውሰድ። ጣሊያን ጥቅምት 3 ወረረች፣ ጥቅምት 7 የምክር ቤቱ አባላት የማኅበሩን ቃል ኪዳን ጥሳ ጦርነት መክፈቷን ተቀበሉ፣ ማዕቀቡ ኅዳር 18 ሥራ ላይ ዋለ። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ማዕቀቡን ይከታተል የነበረው የአስራ ስምንቱ አገሮች ኮሚቴ ወረቀት ውስጥ ሲገባ ግን ወደ ጣሊያን እንዳይላኩ የተከለከሉት ዕቃዎች ዝርዝር ይመጣል፦ ፈረስ፣ በቅሎ፣ አህያ፣ ግመል፤ ጎማ፤ ቦክሳይትና አሉሚኒየም፤ የብረት ማዕድንና ቁርጥራጭ ብረት፤ ክሮሚየም፣ ማንጋኒዝ፣ ኒኬል፣ ቆርቆሮ። ነዳጅ የለም። የድንጋይ ከሰል የለም። ተሠርቶ ያለቀ ብረትም የለም። ምክንያቱ ሲነበብ ዝርዝሩ የተወሰነው አባል አገሮች ራሳቸው በሚቆጣጠሩት ዕቃ ላይ ነው፤ ከአሜሪካ ሊገዛ የሚችለውን መከልከል ዋጋ የለውም ተብሎ። ስለ ነዳጅ የተቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚቴ በየካቲት 1936 ያቀረበው ሪፖርት ግን፣ አባል አገሮች ሁሉ ቢያግዱና አሜሪካ ከ1935 በፊት ትልክ ከነበረው መጠን ባታልፍ፣ ዕገዳው ከሦስት እስከ ሦስት ወር ተኩል ውስጥ ይሠራል ይላል። ይህን ከማይጨው ጦርነት ቀን፣ ከመጋቢት 31፣ ጋር አስተያይቶ ማንበብ ከባድ ነው፤ መነበብ ግን አለበት። በኢኮኖሚ ማዕቀብ ታሪክ ላይ የሚሠራ ሰው የሚያስፈልገው ይህን የመሰለ ወረቀት ነው፤ ዛሬ ከየትኛውም ከተማ ይከፈታል።

ሁለተኛው ምሳሌ የበርንሃይም አቤቱታ ነው። ፍራንዝ በርንሃይም በላይኛው ሲሌዥያ በግላይቪትስ ከተማ የመደብር ሠራተኛ ነበር፤ በ1933 አይሁዳዊ በመሆኑ ከሥራ ተባረረ። ጉዳዩን ልዩ ያደረገው ቦታው ነው። ጀርመንና ፖላንድ በግንቦት 1922 የፈረሙት ስምምነት አንቀጽ 147 በዚያ ክልል የሚኖር ሰው ለምክር ቤቱ በቀጥታ እንዲያመለክት ይፈቅድለት ነበር። ለሌላው አናሳ ሕዝብ መንገዱ ጠባብ ነበር። አቤቱታው ተቀባይነት እንዳለው በጽሕፈት ቤቱ ይመረመራል፣ የተከሰሰው መንግሥት አስተያየት ይሰጥበታል፣ ከዚያ ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ በዝግ ያየዋል። አመልካቹ የክርክሩ ተካፋይ አይደለም። በርንሃይም ግን በግንቦት 1933 አመለከተ፣ ጉዳዩ በምክር ቤቱ ግልጽ ስብሰባ ተሰማ፤ ጀርመን በዚያ ክልል ፀረ አይሁድ ሕጎቿን ለማገድ ተገደደች። ስምምነቱ በሐምሌ 1937 ሲያበቃ ጥበቃውም አበቃ። የሁለቱን መንገድ ልዩነት ለመረዳት በመደብ 4፣ በሦስተኛው ዘመን፣ የላይኛው ሲሌዥያን ዶሴዎች ከሌሎች አካባቢዎች አቤቱታ ጋር ጎን ለጎን ከፍቶ መሸኛዎቹን ማስተያየት ይበቃል።

ስለ ንባቡ ጥቂት። ዶሴውን ከሽፋኑ ጀምሩ። ለማን እንደተመራና መቼ እንደተመለሰ የሚታየው እዚያ ነው፤ ደብዳቤው ሦስት ሳምንት የተኛበት ጠረጴዛ ብዙ ጊዜ መልሱን ይነግራል። ረቂቅንና የተላከውን ቅጂ አታምታቱ፤ የተሰረዘበት ወረቀት ተላከ ማለት አይደለም። የፊርማ ምህጻረ ቃሎችን እየለቀማችሁ ዝርዝር ያዙ። ከኃላፊዎቹ ሦስቱን ዋና ጸሐፊዎች ማወቅ ይረዳል፦ ኤሪክ ድራመንድ እስከ 1933፣ ጆሴፍ አቬኖል እስከ 1940፣ ከዚያ ሻን ሌስተር።

ከማዕከላዊው መዝገብ ቤት ውጪ ሁለት ስፍራ ይዘነጋል። አንዱ ክፍሎቹ በራሳቸው እጅ ያቆዩት ወረቀት ነው፤ ሌላው ከጄኔቫ ውጪ የሠሩ አካላት መዝገብ ነው፣ ማኅበሩ ያስተዳድረው እንደነበረው በጀርመንና በፈረንሳይ ድንበር እንዳለው የሳር ግዛትና እንደ ስደተኞች ጽሕፈት ቤት ያለው። በጥር 1935 በሳር ስለተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ የሚጽፍ ሰው እዚህ ካልገባ ሥራው ጎደሎ ይሆናል። በግራ በኩል ባለው የዛፍ ቅርጽ ዝርዝር አንድ በአንድ መውረድ ከፍለጋ ይሻላል።

ጉድለቱን እንዳንሸፍን፦ አማርኛ ይቅርና ከእንግሊዝኛና ከፈረንሳይኛ ውጪ በሌላ ቋንቋ ድረ ገጹን ማሰስ አይቻልም። በመቶዎች የሚቆጠር ገጽ ያለው ዶሴ አንድ ፒዲኤፍ ሆኖ ስለሚመጣ በስልክ ዳታ ለማውረድ ከባድ ነው፤ በዩኒቨርሲቲ ዋይፋይ ሌሊት ማውረድ ይመከራል። በዶሴው ውስጥ ያሉት ደብዳቤዎች አንድ በአንድ አልተዘረዘሩም፤ ገጽ በገጽ መግለጥ የግድ ነው። የእጅ ጽሑፉን ማሽን አያነብላችሁም። በታይፕ የተጻፈውን ግን ቴሰራክት በተባለው ነፃ ፕሮግራም፣ ቋንቋውን ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ አድርጎ፣ ወደሚፈለግ ጽሑፍ መቀየር ይቻላል፤ የደበዘዘ የካርቦን ቅጂ ከሆነ ንፅፅሩን ጨምሮ እንደገና መሞከር ነው።

ከዚህ የሚብሰው ጉድለት የድረ ገጹ አይደለም፣ የመዝገቡ ነው። ዶሴው የሚያሳየው ጄኔቫ የደረሰውንና ጄኔቫ ያሰበችውን ነው። የኢትዮጵያ ድምፅ የሚገኘው በአብዛኛው በፈረንሳይኛ በተላከ ቴሌግራምና እንደ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ያሉ መልእክተኞች ባቀረቡት ማስታወሻ ነው። የሮም፣ የለንደንና የፓሪስ ውስጣዊ ውሳኔም በየአገሩ ቤተ መዛግብት ነው ያለው። በጄኔቫ ወረቀት ብቻ ስለ 1935 የሚጽፍ ሰው፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የብሪታንያውና የፈረንሳዩ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች፣ ሆርና ላቫል፣ የኢትዮጵያን ሰፊ ግዛት ለጣሊያን ለመስጠት ያወጡትን እቅድ የሚያውቀው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ፣ ልክ ሹማምንቱ እንዳወቁት ነው።

ስታወርዱ ፋይሉን በሙሉ ቁጥሩ ሰይሙት፤ እዝባር በፋይል ስም ውስጥ ስለማይፈቀድ በሰረዝ ተኩት። ገጹ ሲጠቀስም አራቱም ቁጥሮች ይጻፉ፣ የሳጥኑ ብቻ አይበቃም፤ አንድ ሳጥን ብዙ ዶሴ ይይዛልና አንባቢ ተመልሶ ሊያገኘው አይችልም።