ሮም ይሻላል ሚላን? ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት

ጣሊያን ልሄድ ነው የሚለኝ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቀኛል። «ሮም ይሻላል ሚላን?» እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። «ስንት ቀን አለህ? ሻንጣህስ ሙሉ ነው ባዶ?» ሦስት ቀን ብቻ ኖሮት ባዶ ሻንጣ የሚጎትት ሰው ሚላን ይሂድ። ሌላው ሁሉ ሮም።

የአየር መንገዳችን አውሮፕላን ሁለቱም ጋ ስለሚያርፍ ትኬቱ አያስመርጥም። ከማረፊያው ከተማ መግባቱ ግን ይለያያል። ከሮም ፊዩሚቺኖ በቀጥታው ባቡር ቴርሚኒ ጣቢያ ለመድረስ 32 ደቂቃ ነው። የሚላኑ ማልፔንሳ ከከተማው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ታክሲ ከያዛችሁ ሸመታው ሳይጀመር ኪሳችሁ ይሳሳል፤ እዚያም በባቡር ግቡ።

በሚታይ ነገር ሮምን የሚስተካከላት የለም። ኮሎሲየምን ሁሉም ስለሚያውቀው ልዝለለው። እኔ ሰው የምልከው ሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼዚ ወደሚባል ቤተ ክርስቲያን ነው። መግቢያው በነፃ ነው። በግራ በኩል መጨረሻ ላይ ጨለም ያለች የጸሎት ክፍል አለች። ሳንቲም ሲከቱ መብራት ቦግ ይልና ሦስቱ የሠዓሊው ካራቫጆ የቅዱስ ማቴዎስ ሥዕሎች ፊት ለፊት ይመጣሉ። ትንሽ ቆይቶ ድርግም። ያኔ ሁሉም ሰው «ማን ይሆን ሳንቲም የሚያወጣው?» እያለ እርስ በርሱ ይተያያል።

ለእኛ ደግሞ ሮም ሌላም ነገር አላት። በ1937 በፈረንጅ አቆጣጠር የተወሰደው የአክሱም ሐውልት የቆመው ፖርታ ካፔና አደባባይ ላይ ነበር። በ2005 ነው ወደ አገሩ የተመለሰው። ዛሬ በዚያ የሚያልፍ ጎብኚ ልብ አይለውም፤ እኔ ግን ባለፍኩ ቁጥር ቆም እላለሁ።

ሚላን የዳ ቪንቺ የመጨረሻው እራት አላት። ሥዕሉ ያለበት ክፍል የሚያስገባው ሰው በጣም ጥቂት ነው፤ የሚሰጣችሁም 15 ደቂቃ ነው። ቲኬቱ ቀድሞ ስለሚያልቅ በረራችሁን ባወቃችሁ ቀን ያዙት። በ1386 መሠራት የጀመረው ዱኦሞ ካቴድራልም አለ። ጣሪያው ላይ ውጡ፤ የድንጋይ ጫካ ውስጥ የገባችሁ ይመስላችኋል። ከዚያ ወዲያ፣ ሚላኖች ይቅር ይበሉኝና፣ አንድ ቀን ተኩል ይበቃል።

ወደ ሆድ እንምጣ። መጀመሪያ ግን ማስጠንቀቂያ፦ በሁለቱም ከተማ ማኪያቶ ብላችሁ ስታዙ የሚመጣው የአዲስ አበባው አይደለም። ሲኒ ውስጥ ጠብ ያለች ቡና፣ ላይዋ ላይ የወተት ምልክት ብቻ። የለመዳችሁት ካማራችሁ ካፑቺኖ በሉ። ባንኮኒው ጋ ቆማችሁ ጠጡ፤ ከተቀመጣችሁ ዋጋው ሊጨምር ይችላል። እኔ አንዴ አንድ ፏፏቴ አጠገብ ተቀምጬ የከፈልኩትን አልናገርም።

ምግብ ላይ ምርጫዬ ሮም ነው። ፓስታ ከሆነ ካርቦናራው፣ አማትሪቻናው፣ አይብና ቁንዶ በርበሬ ብቻ ያለበት ካቾ ኤ ፔፔ። ፒዛውን በመቀስ ቆርጠው በሚዛን ይሸጡላችኋል። ጾመኛ ከሆናችሁ «ፒዛ ሮሳ» በሉ፤ ቲማቲምና ዘይት ብቻ ነው፣ አይብ የለበትም። የሚላን ምግብ ግን ቅቤና ሥጋ ይበዛዋል። ዝነኛው በሳፍሮን ቢጫ የሆነ ሪዞቶ ራሱ ከቅቤ አያመልጥም። ደግነቱ ፖርታ ቬኔዚያ የሚባል ሰፈር አለ። የሐበሻ ምግብ ቤቶች እዚያ ስላሉ ሽሮ አይጠፋም።

ሸመታ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የሚላኑ ሞንቴናፖሊዮኔ መንገድ ለእኔ ቢጤ መስኮት ለማየት ነው። ገንዘቤን የማወጣው ኮርሶ ቡዌኖስ አይረስ ላይ ነው፤ ከኪሎ ሜትር በላይ ግራና ቀኝ ሱቅ ብቻ። ማክሰኞና ቅዳሜ ደግሞ ፓፒኒያኖ ላይ የመንገድ ገበያ ይቆማል፤ ክምር አገላብጦ ጥሩ ጫማ ማውጣት ለሚችል ሰው ነው። ትልቁ ቅናሽ በጥር መጀመሪያና በሐምሌ መጀመሪያ በፈረንጆቹ ይጀምራል። በነሐሴ አጋማሽ ግን አትሂዱ፤ ባለሱቁ ራሱ ባሕር ዳርቻ ነው።

ሮም ውስጥ እሁድ ጠዋት ፖርታ ፖርቴዜ የሚባል ገበያ አለ። ምናለሽ ተራን የሚወድ ይወደዋል። ለቁም ነገር ልብስ ግን ሚላን።

አምስት ስድስት ቀን ካላችሁ ደግሞ መምረጥም አያስፈልግም። በሮም ግቡ፣ በሚላን ውጡ። ፈጣኑ ባቡር ከሮም ሚላን ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ቀድሞ የቆረጠ በርካሽ ያገኛል። ሸመታውን መጨረሻ ላይ አድርጉት፤ የተሞላ ሻንጣ በሮም ኮብልስቶን ላይ መጎተት መከራ ነው።

ሸመታው ሌላም ጥቅም አለው። ነዋሪነታችሁ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሆነ፣ ማለትም አዲስ አበባ፣ ዱባይ፣ ቴል አቪቭ ወይም ዋሽንግተን፣ ከ70 ዩሮ በላይ ለገዛችሁበት ደረሰኝ የቫቱ ከፊል ይመለስላችኋል። ሱቁ ውስጥ ፓስፖርት አሳይታችሁ ቅጹን ጠይቁ። ጀርመን ወይም ጣሊያን የምትኖሩ አይመለከታችሁም። ማረፊያው ስትደርሱ መጀመሪያ ቅጹንና ዕቃውን ለማሳየት ወደ ጉምሩክ፣ ከዚያ ሻንጣ ማስረከብ። እኔ ተገላቢጦሹን አደረግኩት። ቅጹም ዕቃውም ሻንጣው ውስጥ ሆነው ቀበቶው ላይ ሲሄዱ ቆሜ ሸኘኋቸው።