ዚንክ ወይስ አሉሚኒየም? ለጀልባው ብረት ማን ይበላለት

ጀልባ ከባሕር ሲወጣ ከመሪውና ከፕሮፔለሩ አጠገብ በብሎን የታሰሩ ግራጫ ቁራጮች ይታያሉ። አኖድ ይባላሉ። ሥራቸው መበላት ነው። ጨዋማ ውሃ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ፣ ከተገናኙት ብረቶች ቶሎ የሚበላው ቀድሞ ያልቃል፤ ሌላው ይተርፋል። እንግሊዛዊው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ ዘዴውን በ1824 እ.ኤ.አ. ለእንግሊዝ የጦር መርከቦች የመዳብ ልባስ አቀረበ። መዳቡ ዳነ። ግን መሟሟቱን ሲያቆም የባሕር ዛጎልና አረም ወረረው!

ዛሬ ምርጫው በአብዛኛው በዚንክና በአሉሚኒየም መካከል ነው። ዚንክ የቆየና የታመነ ነው፤ ክብደቱ ግን ጉድ ነው። አንድ ኪሎ ዚንክ እስኪያልቅ ወደ 780 አምፔር ሰዓት (የኤሌክትሪክ መጠን መለኪያ) ሲሰጥ፣ አሉሚኒየም ወደ 2,500 ይጠጋል። የድስቱ አሉሚኒየም እንዳይመስላችሁ። ንጹሑ በራሱ ላይ ሽፋን ስለሚያበጅ አይሠራም፤ ለዚህ የሚውለው ዚንክና ኢንዲየም የተባለ ብረት በጥቂቱ የተቀላቀለበት ነው።

ልዩነቱ የሚጎላው ወንዝ ከባሕር በሚቀላቀልበት ቦታ ነው። ዚንኩ እዚያ ሲቆይ ጠንካራ ሽፋን ይለብስና ሥራ ይፈታል። ሳይጎድል ስታዩት ደህና ይመስላል፤ ፕሮፔለሩ ግን እየተበላ ነው። አሉሚኒየሙ ይቀጥላል። ስለዚህ እኔ አሉሚኒየምን እመርጣለሁ። እንደ ጣና ላለ ጨው አልባ ውሃ ግን የሚመከረው ማግኒዥየም ነው።

ሁለቱን በአንድ ጀልባ አትቀላቅሉ፤ አሉሚኒየሙ ዚንኩንም ልጠብቅ ብሎ ቶሎ ያልቃል። ቀለም አትቀቧቸው። ግማሹ ሲበላም ቀይሩ።